የጋሽ ሰይድ ዛጎሎችና የተቃጠለው መዝገብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ባሕር ቀንድ አውጣ አስተምሬአለሁ፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። የጡረታ ወረቀቴን ተቀብዬ ከመርሳው ትምህርት ቤታችን ስሰናበት፣ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር «ቲቸር ብርቄ፣ ባሕር በሌለበት በሀብሩ ወረዳ ተቀምጦ የባሕር ቀንድ አውጣ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን በሳቅ የሚታለፍ ጥያቄ አልመሰለኝም። መልሱን የማውቀው በአንድ ሰው በኩል ነው፤ በጋሽ ሰይድ።

የመጀመሪያ ምድቤ ውርጌሳ ነበር። እዚያ ሦስት ዓመት ሳይንስ አስተማርሁ። ሰሌዳው ላይ የሕያዋንን ምደባ ሰባት ደረጃዎች «ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ በዜማ ይደግሙታል፤ ለፈተና ይጽፉታል፤ ከፈተና በኋላ እነሱም እኔም እንረሳዋለን። አንድ ልጅ ተነሥቶ «አስተኔ ምንድን ነው?» ቢለኝ ኖሮ ከመጽሐፉ አንድ መስመር ሌላ የምለው አልነበረኝም። ደግነቱ ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወደ መርሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ተዛወርሁ። ስለ ዝውውሩ ወረቀትና ስለ ደሞዙ አላወራም፤ የዘመኔ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማወራው በሩን ስከፍት ስላገኘኋቸው ሰው ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ነጭ ካፖርታቸውን በራሳቸው እጅ የጣፉ መምህር ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው በቀጭን ብዕር አንድ ዛጎል አፍ ውስጥ ቁጥር ይጽፋሉ። ቀና አላሉም። «በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ቀለሙን ያደርቅብኛል» አሉ። የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

ጋሽ ሰይድ ከመርሳ ብዙ የማትርቀው የግራና ከተማ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ተመድበው አስተምረዋል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቀው በዳርቻው ይሄዱና ውኃው ጥሎት የሄደውን ዛጎል ይለቅሙ ነበር። አገራቸው ሲመለሱ ሁለት የጣውላ ሣጥን ይዘው መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ከወደብ የመጣ ጨርቅ መስሎት ተሰበሰበ። ሣጥኑ ሲከፈት አንዱ ዛጎል፣ ሌላው ወረቀት ሆኖ ተገኘ። እናታቸው «ልጄን ባሕር አሳበደብኝ» ብለው አለቀሱ ይባላል። እነዚያ ሁለት ሣጥኖች ናቸው በኋላ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ የገቡት፤ በአንዱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዛጎሎች፣ በሌላው ሦስት ትልልቅ መዝገቦችና በእጃቸው የሣሏቸው ሥዕሎች።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ አያያዝ ነው። «ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ አንቺ» ይሉ ነበር። «አፉ በየትኛው እጅሽ በኩል ዋለ?» በቀኝ ይውላል፤ አብዛኛው በቀኝ ነው። ቀጥሎ ጥምዙን ከጫፍ እስከ አፍ ድረስ መቁጠር ነው። ከዚያ ከንፈሩ ቀጭን ነው ወፍራም፣ ጥርስ አለው የለውም፣ ክዳኑስ አብሮት ተገኝቷል ወይ? ይህ ሁሉ ሳያልቅ ስም መጥራት በእሳቸው ፊት ነውር ነበር። ስሙም ቢሆን ከላይ ነው የሚጀምረው። እንስሳ ነው። ከዚያ ሞለስክ ነው፤ ሰውነቱ ለስላሳ። ከዚያ መደቡ ጋስትሮፖዳ ነው፤ በሆዱ የሚሄድ። እንዲህ እያሉ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እግራቸው መሬት ካልረገጠ ወደሚቀጥለው አይወርዱም።

ለተማሪዎቹም ሲያስተምሩ እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ዘግተው በአማርኛ ያስረዱ ነበር። «ቤታችሁ ደጃፍ ላይ መደብ አለ አይደል? መደቡ ላይ እንግዳም፣ ጎረቤትም፣ ዘመድም ይቀመጣል። የጋስትሮፖዳ መደብም እንደዚያ ሰፊ ነው። በክረምት ጎመናችሁን የሚበላው ቀንድ አውጣና ይህ የአሰብ ዛጎል እዚያው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ግን አንድ ቤት አይገቡም፤ አስተኔያቸው ይለያያል።» አንድ ቀን ተማሪዎቹን ዛጎል የተሰፋበት አንቀልባ ከየቤታቸው እንዲያመጡ አዘዙ። አራት አንቀልባ መጣ። ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጀርባ ላይ ታዝለውበት ያደጉት ጌጥ በሕይወት ሳለ የሚሄድ፣ የሚበላ፣ እንቁላል የሚጥል እንስሳ እንደ ነበር ሲነገራቸው አንቀልባውን እየተቀባበሉ ዳሰሱት። አንዷ ልጅ «ታዲያ እንዴት መርሳ ደረሰ?» ስትል ጋሽ ሰይድ ፊታቸው በራ። «እንዲህ ጠይቂ! ስሙን ካወቅሽ ቀጥሎ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ከየት መጣ?»

ለእሳቸው ከስሙ እኩል የሚከበረው ቦታው ነበር። በዛጎሉ አፍ ውስጥ የሚጽፉት ቁጥር ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ በዚያ ቁጥር ትይዩ የተነሣበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር ወይስ ሞልቶ፣ አሸዋ ላይ ነው ወይስ ድንጋይ ሥር፣ ከዚያ ከስፍን እስከ ዝርያ ያለው ስም ይጻፋል። «ቦታው ያልተጻፈ ዛጎል ጌጥ ነው፣ ብርቄ። ጌጥ ገበያ ሞልቷል።»

በእኔ ላይ ያዩትን ስህተት በሰው ፊት አያነሡም። አንድ ጊዜ ከዞን ሱፐርቫይዘሮች መጥተው ቤተ ሙከራውን ሲጎበኙ፣ ደፍሬ አንድ ዛጎል አነሣሁና «ይህ ኮነስ ነው፤ መርዛም ነው» ብዬ አስረዳሁ። እንግዶቹ ተደነቁ። ጋሽ ሰይድ በሩ ድረስ ሸኟቸው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዛጎሉን እጄ ላይ አስቀምጠው «ከንፈሩን በጣትሽ እስቲ ዳሺው» አሉ። ዳሰስሁት፤ ታችኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ። ያላደገ ስትሮምበስ ነበር። ስትሮምበስ በልጅነቱ ኮነስ ይመስላል፤ ሲያድግ ነው ከንፈሩ የሚሰፋው። በማግሥቱ ሱፐርቫይዘሮቹ ወደ ወልድያ ሳይመለሱ ያደሩበት ሆቴል ድረስ ሄጄ ስህተቴን ማረሜን ሲሰሙ፣ አንድ ሙሉ ሳምንት ሻይ የገዙልኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው።

እኔም በክረምት ትምህርት ዲግሪዬን ጨርሼ የባዮሎጂ መምህርት ሆንሁ። ጋሽ ሰይድ ጡረታ ወጥተው ግራና ሲገቡ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሰጡኝ። ንግግር አላደረጉም። «እርጥበት ጠላቱ ነው» አሉኝ፣ ሄዱ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ መሰማት በጀመረ በሦስተኛው ቀን መርሳ ተነቀለች። ሰው በእግሩ፣ በጋሪ፣ በአይሱዙ ወደ ውርጌሳ ይጎርፋል። እኔ አንድ የማውቀውን ባለ ባጃጅ ለምኜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆምሁት። ሁለቱን ሣጥኖች ጎትቼ አወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ አንዲት አሮጊትና አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ሁለቱ አይገባም» አለኝ ባለ ባጃጁ። «አንዱን ምረጪ። ቶሎ በይ!»

ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ አልልም፤ ግን አልነበረኝም ማለትም ውሸት ነው። አስቤአለሁ። ዛጎሎቹ ያበራሉ፤ ዳግመኛ ከማይደረስበት ባሕር የመጡ ናቸው። ወረቀቱ ወረቀት ነው፤ ማን ይፈልገዋል? ቢጠፋም እንደገና ይጻፋል ብዬ አሰብሁ። የመዝገቡን ሣጥን ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሼ ቆለፍሁበት፤ የዛጎሉን ጫንሁ። ሰው ልብሱን ተሸክሞ ሲሰደድ እኔ ዛጎል ይዤ ደሴ እህቴ ቤት ገባሁ። ደሴም ስትነቃነቅ ዛጎሌን ይዤ ደብረ ብርሃን ደረስሁ። መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ወርቅ የያዝሁ ይመስለው ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ መርሳ ስመለስ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ቤተ ሙከራው ነው። መስኮት የለም። ወንበር የለም። ቁም ሣጥኑ ተሰብሮ ነድዷል። ወለሉ መካከል ሦስት ጉልቻና ዐመድ አለ፤ ዐመዱ ጠርዝ ላይ የመዝገቡ ጨርቅ ሽፋን ቁራጭ አየሁ። ዘበኛችን፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሳይሸሹ እዚያው የቀሩ፣ የሆነውን ነገሩኝ። ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ክፍሉን ተጠልለውበት ነበር። ዝናብ በጣለበት ሰሞን አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። ደረቅ እንጨት በአካባቢው አልተገኘም። ቁም ሣጥኑን ሰብረው ከነወረቀቱ አነደዱት።

በማግሥቱ ግራና ሄድሁ። ጋሽ ሰይድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የተስቢሃ ዶቃቸውን ይቆጥራሉ። ያላየኋቸው ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር፤ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ብሌኑ ነጭ ሆኗል።

«ማነው?»

«ብርቄ ነኝ ጋሽ ሰይድ። እንዴት ከረሙ?»

«ብርቄ! በሕይወት አለሽ? አልሐምዱሊላህ። ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ። ፋጡማ! ብርቄ መጣች!» ፋጡማ የምትጦራቸው ልጃቸው ናት።

ከተቀመጥሁ በኋላ ቶሎ ብዬ «ዛጎሎቹን አትርፌአለሁ፤ አንድም አልጎደለ» አልሁ።

«መዝገቡስ?»

«ጥዬው ሄድሁ። ተቃጠለ።»

ጣቶቻቸው ተስቢሃው ላይ ቆሙ። ማን እንዳነደደው፣ ለምን እንዳነደደው ነገርኋቸው።

«ሴትዮዋስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ተርፋለች።»

«የተወለደውስ?»

«ሴት ልጅ ናት። ደኅና ናት አሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።» ደረታቸውን በእጃቸው ዳበሱ። እንባዬ መጣ። የቀለለኝ መስሎኝ «ይቅር ይበሉኝ» ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንቺ ግን ተሳስተሻል። ይህን አልሸፍንልሽም። እሳቱ ደግ ሥራ ሠርቷል፤ ያንቺ ምርጫ ግን ስህተት ነው። ዛጎል ባሕሩ ዛሬም ያወጣል። እኔ ያንን የት እንዳነሣሁት የሚያውቀው ወረቀቱ ነበር። አሁን ከእኔ በቀር የቀረ የለም፤ እኔም እንደምታዪኝ ነኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። በሥራ ዘመኔ ከዚያች ቀን የከበደች አላየሁም።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ። አዲስ መዝገብ ግዢ። መስመሩ ሰፋ ያለውን።»

ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። መጓጓዣ ሲገኝ በባጃጅ፣ ሲጠፋ በእግሬ። አንድ አንድ ዛጎል እሰጣቸዋለሁ። ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራሳቸው ያዞሩታል፤ ያ አያያዝ በጨለማም አልተፋታቸውም። በአውራ ጣታቸው ጥምዙን ይቆጥራሉ። በጥፍራቸው የአፉን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ይጭሩና ጥርሱን ይሰማሉ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ አድርገው ይመዝኑታል። «ቴሬብራ» ይላሉ ወስፌ የመሰለውን። «ይህ ሙሬክስ ነው፣ እሾሁ ተሰብሯል፤ እኔ ነኝ የሰበርሁት፣ ኪሴ ውስጥ።» ከዚያ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ይሉኛል፤ እኔ አፉ ውስጥ አይቼ እነግራቸዋለሁ። ቁጥሩ በለቀሙበት ተራ የተሰጠ ስለሆነ ያችን ዓርብ ፍለጋ ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

«ሠላሳ ስምንት... ሠላሳ ሰባትን ያነሣሁት ጫማዬን ማዕበል የወሰደብኝ ቀን ነው። እንግዲህ ሠላሳ ስምንት በቀጣዩ ሳምንት ነው። ነፋስ ነበር። ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ማቆሚያ ወደ ደቡብ፣ ድንጋይ ሥር። ጻፊ።»

አንዳንዱን ስም እኔ ነበርሁ የማርማቸው። በእሳቸው ዘመን የአንቀልባው ዓይነት ዛጎል ሁሉ ወገኑ ሳይፕሪያ ይባል ነበር፤ ኋላ ግን ብዙ ወገን ሆኖ ተከፋፍሏል፤ አንቀልባ ላይ የሚሰፋው ዛሬ ሞኔታሪያ ነው። ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ለምን ለወጡት?»

«ዝምድናቸውን እንደገና መርምረው ነው።»

«ከመረመሩ ደግ አደረጉ። አዲሱን ጻፊ፤ የድሮውንም ከጎኑ አስፍሪው፤ የኔን ዘመን መጽሐፍ የሚያነብ እንዳይጠፋበት።»

ሠላሳ ያህሉ ቦታቸው አልመጣላቸውም። አንድ ቅዳሜ ደክሞኝ «ሁሉንም አሰብ ብዬ ልጻፈው? ሌላ የት ሄደው ነበር?» አልኋቸው።

«ምጽዋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ‹ቦታው አይታወቅም› ብለሽ ጻፊ።»

«ሠላሳ ጊዜ?»

«መቶም ቢሆን።»

በዚሁ መካከል ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ነበር። ልጆቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። አንድ ቀን ያንኑ ሰባት ደረጃ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ወገን ላይ ስደርስ፣ ሰዓዳ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። ወንድሟ ዘምቶ ወሬው ጠፍቶባቸዋል።

«ቲቸር፣ ይህ ወገን የወገን ጦር ከሚባለው ጋር አንድ ነው?»

«ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልሁ፤ ከመዋሸት ይሻላል ብዬ። ቅዳሜ ለጋሽ ሰይድ ነገርኋቸው። በእጃቸው የያዙትን ዛጎል አስቀመጡ።

«ንገሪያት። በእኛ ሥራ ወገን ማለት የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ነው። ጠላት የሚባል ደረጃ የለም። ከስፍን እስከ ዝርያ ትቁጠርና ካገኘች ታሳየኝ።»

ሰኞ ነገርኋት። ሰዓዳ ሰሌዳውን እያየች በጣቷ ቆጠረች፤ ሰባት። እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ምንም ሳትል ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ወንድሟ በኋላ ቆስሎ ተመለሰ፤ ዛሬ ወልድያ ሱቅ አለው።

ውጊያው ዳግም ተነሥቶ ከቆቦ በኩል ሲሰማ፣ መርሳ እንደገና ዕቃዋን ማሰር ጀመረች። እኔ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ በመቀነቴ ሆዴ ላይ አሰርሁት። ዛጎሎቹን ትቼ ለመሄድ ቆርጬ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ጊዜ ሳንሰደድ ቀረን። መዝገቡን ከሆዴ የፈታሁት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሰላም በወረደ ጊዜ የዓይን ሐኪሞች ለነፃ ሕክምና ዘመቻ ወልድያ መጡ። እኔና ፋጡማ ጋሽ ሰይድን ይዘን ሄድን። ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቁት መዝገቡን ነው። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልጋል አለ። ሳምንት ታገሡ፤ ከዚያ ያለፈ አልቻሉም። ግራና ሄጄ ዛጎሎቹንና መዝገቡን አስረከብኋቸው። ሦስት ቀን በራቸውን ዘግተው ዋሉ ብላ ፋጡማ ነገረችኝ።

በአራተኛው ቀን ልከው አስጠሩኝ። ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ፊታቸው እንደ ሠርግ ቤት በርቷል።

«ሰባት ስህተት!» አሉኝ ከሩቅ። «ሰባት አገኘሁ! ነይ እዪ!»

መዝገቡን ገለጡት። በእሳቸው አፍ፣ በእኔ እጅ ከተጻፈው ስም ላይ በቀይ እርሳስ አንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ የተሰረዘው በደንብ ይነበባል። ከጎኑ ትክክለኛው፣ ከሥሩ «ያረመው ሰይድ» የሚል ቃልና ቀን። ሰባቱም ከአንቀልባው ዛጎል ዓይነት ናቸው። ሞኔታሪያ ሞኔታ ብለዋቸው ነበር። ነገር ግን ጀርባቸው ላይ የደበዘዘ ወርቃማ ቀለበት አለ፤ ቀለበት ያለው ሌላ ዝርያ ነው፣ ሞኔታሪያ አኑለስ። ቀለበቱ ቀለም እንጂ እብጠት ስላልሆነ ለጣት አይሰማም። እኔ ደግሞ ዓይን እያለኝ አላየሁትም፤ የምጽፈውን እንጂ የያዝሁትን አላይም ነበርና።

«አፈርሁ ጋሽ ሰይድ» አልሁ።

«ተይው። ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምታስተምሪው?»

ሰኞ በሦስት ሰዓት ከፋጡማ ጋር ከባጃጅ ወረዱ። ያንን የተጣፈ ነጭ ካፖርት ለብሰዋል። ልጆቹ ተነሡ። እንዲቀመጡ በእጃቸው አሳዩና ከኪሳቸው አንዱን ዛጎል አወጡ።

«እኔ ሰይድ እባላለሁ። ይህን ዛጎል ሞኔታ ነው ብዬ ለመምህርታችሁ አስጻፍኋት። አይደለም። ተሳስቻለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። «ጣቴ አላጠፋም፤ ጣት ቀለም አያይም። መደቡን አውቄ ነበር፣ አስተኔውን አውቄ ነበር፣ ወገኑንም አውቄ ነበር። እዚያ ላይ መቆም ሲገባኝ፣ ሳላይ ዝርያ ድረስ ወረድሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው።»

ልጆቹ መምህር በፊታቸው እንዲህ ሲናገር ሰምተው አያውቁም፤ እኔም በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ከፊት ለተቀመጠችው ልጅ ዛጎሉን አቀበሏት። «ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ አንቺ። ስሙን አትንገሪኝ። መጀመሪያ ምን እንደሚታይሽ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ዛጎሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች። ጋሽ ሰይድ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጡና ጠበቋት።